በራስ መተማመን የሚያሳድግ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ለመግዛት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መንጃ ፈቃድ አውጥተው ገና ልባቸው ያልደፈረ አሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ሞተር ሳይክል የሚመለሱም አሉ። አንዴ ወድቀው ፍርሃቱ ያልለቀቃቸውም እንዲሁ። የሚጠይቁኝ ግን ተመሳሳይ ነገር ነው፤ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። መልሶቼ የሚነሱት ከአንድ እምነት ነው፦ የመጀመሪያው ሞተር ሳይክል ሐሳብዎን ለመንገዱ የሚተውልዎት መሆን አለበት። የተቀመጠበትን ማሽን የሚፈራ ሰው ዓይኑ መንገድ ላይ አይሆንም።

ለጀማሪ ልብ የሚሰጥ ሞተር ሳይክል ሲባል ምን ዓይነት ነው?

ቀለል ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ ጉልበቱን ቀስ አድርጎ የሚሰጥ እና ጤነኛ የሆነ። ሰው የሚረሳው የመጨረሻውን ነው። ቀላልና ዝቅተኛ ሆኖ በየመብራቱ የሚጠፋ ሞተር ሳይክል ጀማሪን ያሸማቅቃል። ከኋላ ክላክስ ይጮኻል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጥፋቱ የማሽኑ ሆኖ ሳለ ነጂው «እኔ አልችልም ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። እየዘለለ የሚይዝ ፍሪሲዮን፣ የላላ ፍሬን፣ የደረቀ ጎማም እንዲሁ ያደርጋሉ። ገና የሚማር ሰው የራሱን ስህተት ከማሽኑ ስህተት መለየት አይችልም። ስለዚህ ከሚያምረውና ከጤነኛው አንዱን ምረጡ ከተባለ፣ ጤነኛውን ይውሰዱ።

ክብደቱን በቀላሉ መፈተን ይቻላል። ሞተር ሳይክል ቀጥ ብሎ ሲቆም ሸክሙ የመሬቱ ነው፤ በሁለት ጣት ይያዛል። ትንሽ ካዘነበለ በኋላ ግን ሸክሙ ወደ እርስዎ ይዞራል። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ከጎኑ ይቁሙ። መሪውን በሁለት እጅ ይዘው ቀስ እያሉ ወደ ራስዎ ያዘንብሉት፤ ከዚያ መልሰው ያቅኑት። ከዚያም ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደ ኋላ ይግፉት። ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ ከመለሱት ይሆንዎታል። ከታገለዎት ይለፉት፤ ሌላ ይገኛል።

ስንት ሲሲ ይሻለኛል?

ሲሲ፣ ማለትም የሞተሩ የይዘት መጠን፣ ብቻውን ያታልላል። ያማሃ አር6 599 ሲሲ ነው። ሮያል ኤንፊልድ ኢንተርሴፕተር ደግሞ 648 ሲሲ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ሁለተኛው ይከብዳል ብሎ ያስባል። ነገር ግን አር6 ከ110 የፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣል፤ ኢንተርሴፕተሩ 47 ገደማ ነው። አር6 የውድድር ጠባይ አለው። ታች ላይ ዝም ይልና ሞተሩ በኃይል መሽከርከር ሲጀምር ጉልበቱ በአንዴ ይመጣል። ጀማሪ እጅ ለዚያ አልተዘጋጀም። ድንጋጤው ራሱ ነዳጅ የሚሰጠውን የቀኝ እጀታ ይበልጥ እንዲጠመዝዙት ያደርጋል።

እኔ የምለው ይህን ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ ከ125 እስከ 200 ሲሲ ይበቃል። ፈጣን መንገድ ላይ የሚወጡ ከሆነ ከ250 እስከ 400 ይፈልጉ። ሰውነትዎ ገዘፍ ያለ ከሆነ ወይም ሰው የሚጭኑ ከሆነ እስከ 500 መሄድ ይቻላል። የጉልበቱ ጣሪያ 47 የፈረስ ጉልበት ይሁን። ቁጥሩን ከኪሴ አላወጣሁትም፤ በአውሮፓ ኤ2 የሚባለው መካከለኛ መንጃ ፈቃድ የሚፈቅደው 35 ኪሎ ዋት ነው፣ ያም ወደ 47 ይመጣል።

በጣም ትንሽም ያስፈራል። በ125 ሲሲ ፈጣን መንገድ ላይ ሲወጡ እጀታው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ፣ የከባድ መኪና ግንባር ስፖኪዮ ሙሉ ሲሆን፣ ያ ልብ አይሰጥም። የሚሄዱበትን መንገድ አስቀድመው ያስቡ።

ቁመቴ አጭር ነው። ሁለቱም እግሮቼ ሙሉ በሙሉ መሬት መንካት አለባቸው?

የግድ አይደለም። የሁለቱም እግሮች የፊት ግማሽ መሬቱን በደንብ ከረገጠ በቂ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ሙሉ እግር ቢረግጥ እመርጣለሁ። ጀማሪ የሚወድቀው በፍጥነት ላይ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነውና።

ከራሴ ልናገር። የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሌን የገዛሁት መቀመጫው ላይ በደንብ ሳልቀመጥ ነበር። በጫፍ ጣቴ እየነካሁ «እለምደዋለሁ» አልኩ። አንድ ቀን ወደ ግራ ያዘመመ መንገድ ላይ ቆምኩ። ግራ እግሬን ሳወርድ መሬቱ እዚያ የለም። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው የጎደለው። ለዚያች ያህል ሞተር ሳይክሉ አዘነበለ፤ ከዚያ በኋላ የሚይዘው አልነበረም። የፍሪሲዮኑ ማንሻ ተጣመመ፣ ጉልበቴ ተላጠ። የከፋው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ለወራት በቆምኩ ቁጥር ከመንገዱ ይልቅ የት እንደምረግጥ ነበር የማየው።

የመቀመጫ ከፍታ በቁጥር ይገለጻል። ሆንዳ ሬብል 250 ከ70 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። ኬቲኤም 390 ዱክ 83 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ሲሲው መካከለኛ ሆኖ ቁመቱ ረጅም ነው ማለት ነው። ግን ቁጥሩም አይጨርሰውም። ሰፊ መቀመጫ ጭንን ስለሚከፍት እግርን ያሳጥራል፤ ጠባብ ከሆነ በተመሳሳይ ከፍታ መሬት ይደርሳሉ። ስለዚህ ሲነዱ የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው ይቀመጡበት።

«ዝቅ አስደርገዋለሁ» የሚል ሐሳብ ካለዎት፣ የመቀመጫውን ስፖንጅ ማሳነስ ይቻላል። አሞርዛተሩን (የመንገዱን ምት የሚያበርደውን ክፍል) ማሳጠር ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሞተር ሳይክሉ ወርዶ የጎን መቆሚያው በነበረበት ርዝመት ከቀረ፣ ሲያቆሙት ቀጥ ብሎ ይቆምና በትንሽ ንፋስ ወደ ሌላ ጎን ይወድቃል። ሻጩ አስቀድሞ ዝቅ አስደርጎት ከሆነ መቆሚያውን ይመልከቱ።

ለምን አዲስ አልገዛም?

መግዛት ይችላሉ። ግን ይወድቅብዎታል። ምናልባት ግቢ ውስጥ ሲያዞሩት፣ ምናልባት መቆሚያውን ረስተው ሲወርዱ። አዲስ ከሆነ የመጀመሪያው ጭረት ያማል፤ ይህ ሕመም ደግሞ ሰውን እንዳይለማመድ ያደርገዋል። ጭረት ያለበት ላይ ግን ዘና ብለው ይዞራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይማራሉ። ከዓመት በኋላ ቢሸጡትም ብዙ አይከስሩም። በዚያው ምክንያት ጎኑ በፕላስቲክ ያልተሸፈነውን፣ ሞተሩን የሚከላከል ብረት የታሰረለትን ይምረጡ። ፕላስቲክ አንዴ ከተሰነጠቀ መቀየሪያው ውድ ነው።

የትኞቹን ሞዴሎች ይመክራሉ?

ሆንዳ ሲጂ125 እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ገበያ ላይ የዋለ ነው። ብዙ ጥገና በማያገኝበት ቦታ እንዲሠራ ታስቦ የተቀረጸ ስለሆነ ሞተሩ ቀላልና ጠንካራ ነው። ያማሃ ዋይቢአር125 ለእኔ ለከተማ ልምምድ ከሁሉም የሚስማማኝ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ለስላሳ ነው፣ አይቸኩልም። ሱዙኪ ጂኤን125 መቀመጫው ዝቅ ያለ ስለሆነ አጭር ሰው ይወደዋል።

ከዚያ ከፍ ሲል ሆንዳ ሬብል 250 አለ። ብዙ ሰው መንዳት የተማረበት ነው። ካዋሳኪ ኒንጃ 300 መልኩ የውድድር ቢመስልም ጠባዩ ጨዋ ነው፤ ማርሽ በችኮላ ሲቀንሱ የኋላ ጎማው እንዳይንሸራተት የሚያለዝብ ፍሪሲዮን አለው። ፕላስቲኩ ግን ብዙ ነው። ሮያል ኤንፊልድ ክላሲክ 350 ጉልበቱ 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ስለሆነ አያስደነግጥም፤ ክብደቱ ግን ወደ 195 ኪሎ ነው፣ ስለዚህ የማዘንበሉን ሙከራ ሳያደርጉ እንዳይገዙት። ሆንዳ ሲቢ500ኤፍ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ጉልበቱ በኤ2 ልክ ተሰፍሮ ነው። ለብዙ ዓመት የማይሰለች ነው።

ከሞዴሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያጣሩ፦ እርስዎ ባሉበት መለዋወጫው ይገኛል? የሚያውቀው መካኒክ አለ? ዕቃ ስታጣ ሁለት ወር የምትቆም ሞተር ሳይክል ምንም አታስተምርም።

ፍሪሲዮንና ማርሽ ያስፈሩኛል። ስኩተር ልግዛ?

ዓላማዎ መንቀሳቀስ ብቻ ከሆነ አዎ፣ ምንም ነውር የለውም። ጎማው ትንሽ ስለሆነ ጉድጓድ እንደሚሰማዎት ብቻ ይወቁ። ማርሽ መልመድ ከፈለጉ ግን መሀል ላይ የሚገኝ ነገር አለ፦ ሆንዳ ሱፐር ከብ። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የሚመረት ሲሆን በ2017 ከ100 ሚሊዮን አልፏል። ማርሽ አለው፣ በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን ግን የለውም። በእግር ማርሽ መለወጥን ብቻ ይለምዱና ሌላውን በኋላ ይጨምራሉ።

ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ያለው መሆን አለበት?

አቅምዎ ከፈቀደ፣ አዎ። የደነገጠ ሰው ፍሬን አይጨምቅም፤ ይነጥቃል። ኤቢኤስ ከሌለ የፊት ጎማው ይቆለፋል፣ ሞተር ሳይክሉም ከሥርዎ ይወጣል። የምርት ዓመቱ ፍንጭ ይሰጣል። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ፣ በሕንድ ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ የሆኑ አዳዲስ ሞተር ሳይክሎች ሁሉ ኤቢኤስ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል።

ሲገዙ የኤቢኤሱን መብራት ይመልከቱ። ቁልፉ ሲከፈት መብራት አለበት፤ ትንሽ ከሄደ በኋላ ደግሞ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ብልሽት አለ። ከመጀመሪያውም ካልበራ ግን ይበልጥ ይጠርጥሩ፤ ብልሽቱን ለመደበቅ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

ሻጩ ጋ ስደርስ መጀመሪያ ምን ልመልከት?

መጀመሪያ ሞተሩን ይንኩ። «ስመጣ ቀዝቃዛ ሆኖ ልየው» ብለው በስልክ ይናገሩ፤ ሲደርሱ ከሰላምታው ቀጥሎ የእጅዎን ጀርባ ወደ ሞተሩ ጎን ያስጠጉ። አንድ ጊዜ ለጓደኛዬ ልንገዛ ሄድን። ሻጩ «ከትናንት ጀምሮ አልተነካም» አለን። እጄን ሳስጠጋ ሙቀቱ ፊቴ ድረስ ተሰማኝ። ምንም አልተናገርኩም፤ ሻይ እንጠጣ ብለን አንድ ሰዓት ተኩል ቆየን። ተመልሰን ስናስነሳው ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ቀዝቃዛ ሞተር አይዋሽም። ሞቅ ተደርጎ የሚጠብቅዎት ግን የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል።

ሲነሳ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ይመልከቱ። ጠዋት ላይ ስስ ነጭ እንፋሎት ወጥቶ ቢጠፋ ጤና ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው፤ ይለፉት። ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚስተካከል ነው። በውሃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ነጩ ጭስ አልጠፋ ካለ ወይም ዘይቱ ነጭ አረፋ ከያዘ፣ የማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። ጥገናው ከባድ ነው።

ቀጥሎ እጀታውን ይጠምዝዙና ይልቀቁት። በራሱ ጥርቅ ብሎ መመለስ አለበት። መሪውን ሙሉ ወደ ግራ፣ ከዚያ ሙሉ ወደ ቀኝ አዙረው ይድገሙት። የሚዘገይ ወይም የሚይዝ እጀታ ለጀማሪ ከሁሉም አደገኛው ነው፤ ቀላል የሚመስል ግን ፈጽሞ የማይታለፍ።

የፊት ፍሬኑን ይዘው መሪውን ወደ ታች ደጋግመው ይጫኑ። የፊት ጎማውን በያዘው፣ በሚያብረቀርቀው የብረት ቱቦ ላይ የዘይት ቀለበት ከታየ የዘይት መከላከያው ተበልቷል። ዘይቱ ወደ ፍሬኑ ሸራ ከወረደ ደግሞ ፍሬን የለዎትም። የፊት ጎማውን ከመሬት አስነስተው መሪውን በዝግታ ያዙሩ። መሀል ላይ ቀጭ ብሎ የሚቆም ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ አልቋል። ይህ ያለበት ሞተር ሳይክል ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ጀማሪ ደግሞ ሚዛን መጠበቅ ያቃተው እሱ ይመስለዋል።

ሰንሰለቱን ከኋላ ጎማው ጥርስ ላይ፣ ከመጨረሻው ጫፍ ይዘው ወደ ኋላ ይሳቡት። የጥርሱ ግማሽ ከታየ ሰንሰለቱ አልቋል። ጥርሶቹ ወደ አንድ ጎን የተጣመመ መንጠቆ ከመሰሉ ሁለቱም ይቀየራሉ፤ ከዋጋው ያስቀንሱ።

ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ። 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ከስድስት ዓመት ካለፈና ከደረቀ ለመቀየሪያው ያስቡ። እርጥብ መንገድ ላይ ያረጀ ጎማ እንደ ፕላስቲክ ነው።

ኪሎ ሜትሩ በጣም ትንሽ ነው ተባልኩ። ጥሩ ነው?

ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ቆጣሪ ይመለሳል፤ የእግር ማሳረፊያው ጎማ፣ የእጀታውና የመቀመጫው መላጥ ግን አይመለስም። 5 ሺህ ተነድቷል የተባለ ሞተር ሳይክል የእግር ማሳረፊያው ተልጦ ብረቱ ከታየ፣ አይመኑ።

እውነት ትንሽ ከተነዳም ለምን እንደቆመ ይጠይቁ። ለዓመታት የቆመ ሞተር ሳይክል ካርቡራቶሩ ይደፈናል፣ የቤንዚን ታንከሩ ውስጡ ይዝጋል፣ ባትሪው ይሞታል። የታንከሩን ክዳን ከፍተው በእጅ ባትሪ ያብሩበት። በየሳምንቱ እየተነዳ 30 ሺህ የሞላው፣ ዘይቱ በሰዓቱ የተቀየረለት፣ ከዚያኛው ይሻለኛል።

ወድቆ የሚያውቅ ከሆነስ?

ቆሞ የወደቀና እየሄደ የተጋጨ ይለያያሉ። የመሪው ጫፍ፣ የማንሻው ጫፍ፣ የፍሬቻው ጠርዝ ከተጫረ ቆሞ ወድቋል፤ ችግር የለውም። እኔ እንዲያውም እንዲህ ያለውን እመርጣለሁ፤ ዋጋው ይቀንሳል። ነገር ግን ከመሪው ሥር ያለው የሻንሲ አንገት ላይ ቀለሙ ከተሰነጠቀ ወይም አዲስ ብየዳ ካለ፣ ይተዉት። ከኋላ ሁለት ሜትር ራቅ ብለው ቁጢጥ ይበሉና ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን ይዩ።

ሰነዱ ላይ ምን ላጣራ?

ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር፤ የሞተሩም እንዲሁ። ፊደሎቹ ከተዛነፉ ወይም ቦታው ተፍቆ ቀለም ከተቀባ፣ በርካሽ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ። ሊብሬው ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያም አንድ መሆን አለበት።

ገና በደንብ አልነዳም። እንዴት ልሞክረው?

ልምድ ያለው ሰው ይዘው ይሂዱ። እሱ ሲነዳው እርስዎ ከኋላ ይዩ፦ ጎማው ይወዛወዛል? ነዳጅ ሲሰጥ ጭስ አለ? የፍሬን መብራቱ ይበራል? እሱ ደግሞ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲጨምር ፍጥነቱ ሳይጨምር ሞተሩ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ይነግርዎታል፤ ያ ፍሪሲዮን አልቋል ማለት ነው።

ከዚያ መኪና በሌለበት ባዶ ቦታ እርስዎ ይሞክሩት። አንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ መልቀቅ፣ አምስት ሜትር ሄዶ መቆም። አሥር ጊዜ ይድገሙት። በአሥረኛው ትከሻዎ ከወረደ ማሽኑና እርስዎ ተግባብታችኋል። ሻጩ ቢያጣድፍዎ፣ «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ቢል፣ ይምጣ።

ገዛሁት። አሁንስ?

ካሰቡት ገንዘብ ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ሳይነኩ ያስቀምጡ። ዘይት፣ የፍሬን ሸራ፣ ምናልባት ጎማ ያስፈልጋል። ሄልሜት ግን ያገለገለ አይግዙ። ውስጡ ያለው ስፖንጅ አንድ ጊዜ ከተመታ ሥራውን ጨርሷል፤ ከውጭ አይታይም። ኢሲኢ 22.06 የሚል የደህንነት ደረጃ ምልክት ያለውን፣ ጉንጭዎን ጭምቅ አድርጎ የሚይዘውን ይምረጡ።

የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት በዝግታ መንዳት ላይ ያውሉት። ፍጥነት ሲኖር ማንም ሳይወድቅ ይሄዳል፤ ሚዛን የሚፈተነው በእግር ጉዞ ፍጥነት ነው። የኋላ ፍሬኑን ትንሽ ይዘው፣ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ላይ አድርገው፣ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ይዙሩ። ዓይንዎ የሚዞሩበት ቦታ ላይ ይሁን፤ የፊት ጎማውን ካዩ ይወድቃሉ። ቀጥሎ ፍሬን ይለማመዱ። የማቆም ጉልበቱ አብዛኛው ያለው የፊት ፍሬኑ ላይ ነው። ሳይነጥቁ፣ ብርቱካን እንደሚጨምቁ፣ እየጨመሩ ይያዙት።

ጣልኩት። አሁን ለመውጣት እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ ብቻዎን ማንሳት ይልመዱ። የፍርሃቱ ግማሽ «ቢወድቅ ማን ያነሳልኛል» የሚል ነው። ሰው ባለበት፣ ሳር ላይ ወይም አሮጌ ምንጣፍ ላይ ሆን ብለው አስተኝተው ይለማመዱት።

ሞተሩን ያጥፉ። በቀኝ ጎኑ ከወደቀ የጎን መቆሚያውን አስቀድመው ይክፈቱት። እንዳይንከባለል ማርሽ ውስጥ ያስገቡት። መሪውን የፊት ጎማው ወደ መሬቱ እንዲያይ እስከ መጨረሻው ያዙሩት። ጀርባዎን ሰጥተው ቁጢጥ ይበሉ፤ ዳሌዎ የመቀመጫውን ጠርዝ ይደገፍ። አንድ እጅ የታችኛውን እጀታ፣ ሌላው ከመቀመጫው ሥር ጠንካራ ብረት ይያዝ። ክንድዎ አይሳብ፤ ጀርባዎ ቀጥ ይበል። በእግርዎ እየገፉ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይሂዱ። 150 ኪሎ የሚመዝነው በዚህ መንገድ ይነሳል፤ ከእኔ የሚያንሱ ሰዎች ሲያነሱት አይቻለሁ።

ካቆሙት በኋላ ወዲያው አያስነሱት። ቤንዚን ፈሶ እንደሆነ ይዩ፣ ማንሻዎቹ መጣመም አለመጣመማቸውን ይዩ፣ እጀታው ተጠምዝዞ ጥርቅ ብሎ ይመለስ እንደሆነ ይሞክሩ። ጥቂት ደቂቃ ያሳርፉት፤ እርስዎም ትንሽ ውሃ ይጠጡ። ከዚያ አንደኛ ማርሽ፣ አምስት ሜትር፣ መቆም።